መኪና የማይሄድበት አውራ ጎዳና፦ የኤም-185 መስመርና ታሪክ

ጎዳናው የሚገኝበት ቦታ

ሚሺጋን በታላላቅ ሐይቆች መካከል የምትገኝ የአሜሪካ ግዛት ናት። የብሷ በውኃ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ደቡባዊው ክፍል «የታችኛው»፣ ሰሜናዊው ደግሞ «የላይኛው» ባሕረ ገብ መሬት (በአብዛኛው ጎኑ በውኃ የተከበበ የብስ) ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ የውኃ መተላለፊያ የማኪኖ ሰርጥ ነው። የሚሺጋን ሐይቅና የሂዩረን ሐይቅ የሚገናኙትም በዚሁ ሰርጥ ነው።

ከሰርጡ በስተ ምሥራቅ፣ በሂዩረን ሐይቅ ውስጥ፣ ማኪኖ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ሰዎች ከ600 ያነሱ ናቸው፤ በሞቃቶቹ ወራት ግን በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች ይገቡባታል። ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግር ድልድይ የለም። በ1957 ለተሽከርካሪ ተከፍቶ ሁለቱን ባሕረ ገብ መሬቶች ያገናኘው ትልቁ የማኪኖ ድልድይ ከደሴቲቱ በስተ ምዕራብ ራቅ ብሎ ያልፋል። መንገደኛ ወደ ደሴቲቱ በአብዛኛው የሚገባው ማኪኖ ሲቲና ሴንት ኢግነስ ከሚባሉት የዳር ከተሞች በሚነሡ ጀልባዎች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የደሴቲቱን ዳር ይዞ እንደ ሰፌድ ጠርዝ የሚዞራት አንድ መንገድ አለ። ርዝመቱ 8 ማይል፣ ማለትም 12.9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚሺጋን የመንገድ መዝገብ ላይ ኤም-185 የሚል ቁጥር የያዘ የግዛቱ አውራ ጎዳና ሲሆን፣ መኪና መንዳት ግን ክልክል ነው። በመላው አሜሪካ ከሚገኙት የግዛት አውራ ጎዳናዎች መካከል ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የታገደበት እሱ ብቻ ነው።

መንገድን አውራ ጎዳና የሚያሰኘው ነገር

አውራ ጎዳና ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሰፊ፣ ቀጥ ያለና መኪኖች በፍጥነት የሚያልፉበት አስፋልት ነው። በሕግ ፊት ግን መንገድን ከመንገድ የሚለየው የባለቤትነትና የጥገና ኃላፊነት ነው። በአሜሪካ የመንደር ውስጥ መንገድ በከተማው አስተዳደር፣ የገጠሩ መንገድ በአብዛኛው በካውንቲው (ከግዛት በታች ባለው የአስተዳደር እርከን)፣ የግዛት አውራ ጎዳና ደግሞ በግዛቱ መንግሥት እጅ ነው። አንድ መንገድ ወደ ግዛቱ መዝገብ ገባ ማለት ሲቆፈር የሚደፍነው፣ ጎርፍ ሲወስደው መልሶ የሚሠራው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው ማለት ነው።

ሚሺጋን እንዲህ ዓይነቱን የመንገድ መረብ በሕግ ያቋቋመችው በ1913 ነው። በ1919 ደግሞ በየመንገዶቹ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተከሉ፤ ይህን በማድረግ ከዊስኮንሲን ቀጥላ ሁለተኛዋ ግዛት ሆነች። ምልክቱ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ነጭ ሰሌዳ ሆኖ ከላይ የግዛቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ከሥሩ የመንገዱ ቁጥር ይጻፍበታል። «ኤም» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚህ ነው።

ኤም-185 ከሌላ ከማንኛውም አውራ ጎዳና ጋር አይገናኝም። ለአገሪቱ ኢኮኖሚና መከላከያ አስፈላጊ ናቸው ተብለው በፌዴራሉ መንግሥት በተለዩት መንገዶች ዝርዝር ውስጥም የለም። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ አያደርስም፤ የተነሣበት ቦታ ይመለሳል። የግዛቱ መንግሥት ኃላፊነት ግን በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። የመንገዱን ታሪክ ለመረዳት ቁልፉ ይኸው ነው።

መስመሩ የሚያልፍባቸው ቦታዎች

መስመሩ ክብ ስለሆነ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ሆኖም ርቀት የሚቆጠረው በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ካለችው ትንሽ ከተማ ጀምሮ ነው፤ በየማይሉ ርቀቱን የሚናገር ምልክት ቆሟል። በከተማው ክልል ውስጥ መንገዱ ሜይን ስትሪት ይባላል። የጀልባ ማረፊያዎቹ፣ የብስክሌት ማከራያዎቹ፣ ሆቴሎቹና የከረሜላ ሱቆቹ በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ጀልባ በደረሰ ቁጥር ሻንጣ የጫኑ ሠረገላዎች፣ ብስክሌት የሚገፉ ሰዎችና እግረኞች በአንድ አስፋልት ላይ ይተራመሳሉ። በመካከላቸው መጥረጊያና አካፋ የያዘ ሠራተኛ የፈረስ ፋንድያ እየሰበሰበ ያልፋል። የትራፊክ መብራት አይታይም፤ መንገድ የሚለቀቀው በደወልና በሠረገላ ነጂው ድምፅ ነው።

ከከተማው ወደ ምሥራቅ ሲኬድ በስተ ግራ ከገደሉ አናት ላይ ነጭ ግንቡ የሚታየው የማኪኖ ምሽግ ነው። በግርጌው ያለውን መናፈሻ አልፎ ቅድስት አና የምትባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም በ1829 ሥራው የተጀመረው የእንጨት ሚሽን ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ያለው ሚሽን ሃውስ በ1825 ለአዳሪ ትምህርት ቤት የተሠራ ሕንፃ ነው። ይህ ሕንፃ ለመንገዱ ታሪክ ያለው ቦታ ትልቅ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይነሣል።

ከሚሽን ሃውስ በኋላ ቤቶች ያልቃሉ፤ መንገዱም ሌክ ሾር ሮድ የሚል ሌላ ስም ይይዛል። በአንድ ወገን ጠጠራማው የሐይቅ ዳር፣ በሌላው ወገን በዝግባና በጥድ ዘመዶች የተሸፈነ ገደል አለ። ብዙም ሳይርቅ አርች ሮክ የሚባለው የተፈጥሮ ቅስት ከላይ ይታያል። ቅስቱ ከውኃው በላይ 45 ሜትር ያህል ከፍ ያለና 15 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከመንገዱ ተነሥቶ እስከ እሱ ለመውጣት ከ200 በላይ ደረጃዎች ያሉት የእንጨት መሰላል ተሠርቷል። ከመንገዱ ቀና ብሎ ሲታይ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ሰማዩ ይታያል።

መንገዱ ከዚህ በኋላ ወደ ሰሜን፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። የዙሩ አጋማሽ ላይ ብሪቲሽ ላንዲንግ የሚባል ሜዳማ የውኃ ዳር አለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ምዕራባዊ ዳር ነፋስ የሚበረታበት ነው፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሲጠጋ ዴቭልስ ኪችን የሚባል፣ ማዕበል የፈለፈለው ትንሽ ዋሻ ከመንገዱ ዳር ይገኛል። ከዋሻው በኋላ መስመሩ ወደ ከተማው ይመለሳል። ብስክሌተኛ ሳይቸኩል ሙሉውን ዙር በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ መንገዱ ዙሪያውን ለጥ ያለ ስለሆነ ሕፃናትም አዛውንትም ይነዱበታል።

የደሴቲቱ ዳር ለጥ ያለበት ምክንያት

የደሴቲቱ መካከል ከሐይቁ በላይ ከ90 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ዳሯ ግን ለጥ ያለ ጠባብ መደብ ነው። ይህ የሆነው የሐይቁ የውኃ መጠን በሺዎች ዓመታት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ስለኖረ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ከሚቀልጠው በረዶ የመጣው ውኃ ዛሬ ካለው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ያኔ ከውኃው በላይ ይታይ የነበረው የደሴቲቱ አናት ብቻ ነው። ውኃው በየደረጃው ሲጎድል በእያንዳንዱ ማረፊያው ዳሩን እየቦረቦረ እርከን ትቶ ሄደ። መንገዱ የተዘረጋው ከእነዚህ እርከኖች ዝቅተኛ በሆኑት ላይ ነው።

አለቱ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ከሥሩ በቀላሉ የሚሟሙ ንብርብሮች ስለነበሩ፣ እነሱ በውኃ ታጥበው ባዶ ቦታ ሲፈጠር የላይኛው ድንጋይ ተደርምሶ ተሰባበረ። ከጊዜ በኋላ ስብርባሪው በኖራ ተጣብቆ ብሬሺያ (ከስብርባሪ የተሠራ አለት) ሆነ። አጣባቂው ጠንከር ያለበት ቦታ ማዕበሉን ሲቋቋም፣ ደከም ያለበት ቦታ ተሸረሸረ። አርች ሮክና ዴቭልስ ኪችን የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ከመንገዱ በፊት የነበረው ታሪክ

ደሴቲቱ ኦዳዋና ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሬው ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚያከብሯት፣ ሙታናቸውንም የቀበሩባት ምድር ናት። ሦስት ታላላቅ ሐይቆች የሚቀራረቡበት አካባቢ ላይ በመሆኗ የአውሮፓ ነጋዴዎች ሲመጡ የፀጉራም እንስሳት ቆዳ፣ በተለይም የቢቨር (በውኃ ዳር የሚኖር ፀጉሩ ለባርኔጣ የሚፈለግ እንስሳ) ንግድ መናኸሪያ ሆነች። ዕቃውን በታንኳ የጫነ ነጋዴ ከየአቅጣጫው ሲመጣ የሚያርፈው በሰርጡ ላይ ነው። ሰርጡን የያዘ ኃይል ንግዱንም ይይዛል።

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በሰርጡ ደቡባዊ ዳር የነበራቸው የእንጨት ምሽግ ለጥቃት የተጋለጠ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ በ1780 ገደማ ወደ ደሴቲቱ ተሻግረው ከወደቡ በላይ ባለው ገደል ላይ የድንጋይ ምሽግ መሥራት ጀመሩ። ምሽጉ በስምምነት ለአሜሪካ የተላለፈው በ1796 ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች መድፎቻቸውን ወደ ወደቡ አነጣጥረው ተቀመጡ፤ ከበስተ ጀርባቸው ከምሽጉ ከፍ ያለ ኮረብታ መኖሩ ግን ትልቅ ድክመት ነበር።

በ1812 ሰኔ ወር አሜሪካ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ወሬው ለእንግሊዞቹ ቀድሞ ደረሰ። ሻምበል ቻርለስ ሮበርትስ ወታደሮችን፣ ካናዳውያን ቀዛፊዎችንና የአገሬው ሕዝብ ተዋጊዎችን ይዞ ሐምሌ 16 ለ17 አጥቢያ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ዳር በጨለማ ወረደ። ከከተማው በተቃራኒው ወገን ስለሆነ ማንም አላየውም። መድፍ በጫካው ውስጥ ተጎትቶ ከምሽጉ በስተ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ተጠመደ። የአሜሪካኖቹ አዛዥ ፖርተር ሃንክስ ጦርነት መታወጁን እንኳ አልሰማም ነበር፤ 60 የሚጠጉ ወታደሮች ይዞ መዋጋቱ ከንቱ መሆኑን አይቶ ያለ ተኩስ እጁን ሰጠ። ብሪቲሽ ላንዲንግ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አሜሪካኖች በ1814 በዚያው ዳር ወርደው ለማስመለስ ቢሞክሩም ተሸነፉ። ደሴቲቱ የተመለሰችላቸው በቀጣዩ ዓመት፣ በሰላም ውል ነው።

ምሽጓ ወደ መናፈሻነት የተለወጠበት መንገድ

የቆዳው ንግድ በ1830ዎቹ ሲዳከም የደሴቲቱ ነዋሪ ወደ ዓሣ ማጥመድ ዞረ። ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ ደግሞ የእንፋሎት መርከብና ባቡር ተስፋፍተው ከዲትሮይትና ከቺካጎ ሙቀት የሚሸሹ ባለጸጎች ቀዝቃዛውን የሐይቅ አየር ፍለጋ መምጣት ጀመሩ። በ1887 ሁለት የባቡር ኩባንያዎችና አንድ የመርከብ ኩባንያ ተባብረው ረጅም በረንዳ ያለውን ግራንድ ሆቴል በገደሉ ላይ ሠሩ። ባቡሩና መርከቡ መንገደኛ ያመጣሉ፤ ሆቴሉ ያሳድራል።

ከዚህ በፊት ግን ለመንገዱ ዕጣ ፈንታ ወሳኝ የሆነ ሌላ ነገር ተፈጽሞ ነበር። በሚሽን ሃውስ የተወለደው የትምህርት ቤቱ መሥራች ልጅ ቶማስ ፌሪ አድጎ የሚሺጋን ሴናተር ሆነ። በእሱ ግፊት በ1875 የደሴቲቱ ትልቁ ክፍል ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከተቋቋመው የሎውስቶን ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የፓርኩ ጠባቂዎች በምሽጉ የሚኖሩት ወታደሮች ስለነበሩ መንግሥት ተጨማሪ ወጪ አላስፈለገውም።

ይኸው ጥቅም በኋላ ችግር ሆነ። ጦሩ በ1895 ምሽጉን ለቆ ሲወጣ ጠባቂ ጠፋ፤ ፌዴራሉ መንግሥትም መሬቱ ለሕዝብ መናፈሻነት ብቻ እንዲውል ግዴታ አስገብቶ ለሚሺጋን አስረከበ። በዚህ ዓይነት የሚሺጋን የመጀመሪያው የግዛት ፓርክ ተወለደ። ዛሬ ከደሴቲቱ መሬት ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው በፓርኩ ክልል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የዳሩ መንገድ የሚያልፍበት መሬት በአብዛኛው የግዛቱ ነው።

መኪና የታገደበት ምክንያት

ቤንዚን የሚጠቀም መኪና በዲትሮይት ጎዳና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1896 ነው። በዚያው ዓመት ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያ መኪናውን ሞከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1898፣ የማኪኖ መንደር ምክር ቤት «ፈረስ አልባ ሠረገላ» በመንደሩ ክልል እንዳይነዳ ከለከለ። ዓለምን በመኪና ያጥለቀለቀችው ግዛት፣ መኪናን በሕግ ያስቆመች ደሴትም የእሷ መሆኗ ሊስተዋል ይገባል።

ምክንያቱ የአየር ብክለት ወይም የታሪክ ጥበቃ ሐሳብ አልነበረም። የዘመኑ ሞተር ይንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ድንገት እንደ ተኩስ ይጮኻል። ፈረስ ደግሞ በተፈጥሮው ደንጋጭ እንስሳ ነው፤ በገደል ዳር መንገድ ላይ ሰው የጫነ ሠረገላ የሚጎትት ፈረስ ሲበረግግ የሚደርሰውን አደጋ መገመት አያዳግትም። ጎብኚዎችን በሠረገላ በማዞር የሚተዳደሩት ሰዎች አቤቱታ ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። የሕይወትም የእንጀራም ጥያቄ ነበረባቸው።

የመንደሩ ውሳኔ ብቻውን ግን ከመንደሩ ክልል አያልፍም ነበር። ክልከላውን ዘላቂ ያደረገው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፓርኩ ኮሚሽን ያንኑ እገዳ በፓርኩ መሬት ላይ መድገሙ ነው። መንደሩና ፓርኩ አንድ ላይ ሲከለክሉ መኪና የሚቆምበት ቦታ እንኳ አልቀረም። በሌሎች ቦታዎችም በዚያ ዘመን መኪናን የሚያግዱ ደንቦች ወጥተው ነበር፤ አብዛኞቹ መኪና ሲበዛ በዝምታ ተሻሩ። ማኪኖ ላይ የጸናው መሬቱ በግል ባለቤቶች እጅ ተቆራርጦ ያልተበታተነ፣ ዙሪያውም ውኃ ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል። መኪና ወደ ደሴቲቱ የሚገባው በጀልባ ተጭኖ ብቻ ነውና መቆጣጠሩ ቀላል ነው።

መንገዱ የተሠራበትና ቁጥር ያገኘበት ጊዜ

የዳሩ መንገድ እየተቆራረጠ ይሠራ የነበረው ከ1900 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት በከተማው አቅራቢያ ያለው ዳር እንጂ ሙሉው ዙር በሠረገላ አይታለፍም ነበር። ገደሉ ወደ ውኃው በሚጠጋበት ቦታ እርከኑ እጅግ ይጠብባል፤ እዚያ ላይ መንገድ ለማውጣት የወደቀውን ድንጋይ ማንሣትና የውኃውን ወገን መሙላት ያስፈልጋል። መንገዱ ሲታሰብ ጀምሮ ዓላማው የጎብኚ ሠረገላ ሐይቁን እያየ እንዲዞር ነበር።

በ1933 መንገዱ ኤም-185 ተብሎ በግዛቱ አውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ የመኪና እገዳው ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አዲሱ ቁጥርም እገዳውን አልነካም። ከዚያ ወዲህ የአስፋልቱም የድንጋይ ግድግዳውም ጥገና የግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። በ1960 ደግሞ መላዋ ደሴት ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች።

ያለ መኪና ሰውና ዕቃ የሚጓጓዝበት ሁኔታ

በሞቃቶቹ ወራት በደሴቲቱ ላይ 600 ያህል ፈረሶች ይሠራሉ። ብዙዎቹ ፐርሸሮንና ቤልጅየም የሚባሉት ግዙፍ የጭነት ፈረሶች ናቸው። በኢትዮጵያ ከተሞች ከሚታወቀው በአንድ ፈረስ ከሚጎተተው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ በተለየ፣ የደሴቲቱ ሠረገላዎች ባለ አራት ጎማ ሆነው በሁለት ወይም በሦስት ፈረሶች ይጎተታሉ። ታክሲውም፣ የሆቴሉ መቀበያም፣ የቆሻሻ ማንሻውም ሠረገላ ነው። ከጀልባ የወረደ አትክልት፣ የቢራ ሣጥን፣ የግንባታ እንጨት፣ በፖስታ የተላከ ዕቃ፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ወለል ባለው የጭነት ሠረገላ ላይ ይወጣል።

ይህ አሠራር የራሱ ወጪና ድካም አለው። ፈረስ መኖ፣ ጫማ፣ ዕረፍትና ሐኪም ይፈልጋል። ፋንድያው በየቀኑ ከመንገድ ተሰብስቦ ከምግብ ትራፊ ጋር ወደ ብስባሽ (ኮምፖስት) ይለወጣል። አስፋልቱም የሚጎዳበት መንገድ የተለየ ነው፤ እንደ ሌላው አውራ ጎዳና በከባድ መኪና ጎማ ሳይሆን በፈረስ ጫማ ይመታል፣ ሽንትም ያርሰዋል። የበረዶው ወቅት ሲገባ አብዛኞቹ ፈረሶች በጀልባ ተጭነው ወደ ዋናው የብስ እርሻዎች ይሄዳሉ፤ በደሴቲቱ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው።

ከፈረስ ቀጥሎ ዋናው መጓጓዣ ብስክሌት ነው። ነዋሪው ወደ ሥራ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በብስክሌት ነው። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ግን እንደ ሞተር ስለሚቆጠር፣ የመንቀሳቀስ ችግር ላለባቸው ሰዎች ካልሆነ አይፈቀድም።

ከእገዳው ነጻ የሆኑ ተሽከርካሪዎች

እገዳው ፍጹም አይደለም። አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪናና የፖሊስ መኪና በደሴቲቱ አሉ። ለከባድ ግንባታና ለመንገድ ጥገና የሚያስፈልግ ማሽን በልዩ ፈቃድ ይገባል። በረዶ ሲጥል ነዋሪዎች ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ባለ ሞተር ተሽከርካሪ) መንዳት ይችላሉ። ሰርጡ በበቂ ሲረጋ በረዶው ላይ ሴንት ኢግነስ ድረስ ይሻገራሉ፤ መስመሩን የሚያመለክቱት ያለፈውን የገና በዓል ዛፎች በበረዶው ላይ እየተከሉ ነው።

በዚህ ገደብ ምክንያት መንገዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመኪና አደጋ ያልደረሰበት የአሜሪካ ብቸኛ የግዛት አውራ ጎዳና ተብሎ ይጠቀስ ነበር። ይህ ዝናው በ2005 የእሳት አደጋ መኪና የአምቡላንስ በር በመግጨቱ አበቃ። የብስክሌት አደጋ ግን ሁልጊዜም ነበረ፣ አሁንም አለ፤ በተለይ ሰው በሚበዛበት በሜይን ስትሪት።

ከዚህ ውጭ እገዳው የላላባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ እንኳ በ1975 ሲጎበኙ የተጓዙት በፈረስ ሠረገላ ነው። በ1979 ለአንድ የፊልም ቀረጻ መኪና እንዲገባ ተፈቅዶ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ፔንስ በ2019 በመኪና አጀብ መግባታቸው ግን በደሴቲቱ ታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ለደኅንነት ነው የሚለው መልስ ብዙዎችን አላሳመነም። ፎርድ ሥልጣን ላይ እያሉ በሠረገላ ተጉዘው ነበርና አለመሳመናቸው መሠረት አለው።

ሐይቁ መንገዱን የሚጎዳበት ምክንያትና የጥገናው ወጪ

ለሌሎች አውራ ጎዳናዎች ዋናው ጠላት የመኪና ክብደት ነው፤ ለኤም-185 ግን ውኃው ነው። የሚሺጋንና የሂዩረን ሐይቆች በሰርጡ ስለተያያዙ የውኃቸው ከፍታ እኩል ነው። ከፍታው በአብዛኛው የሚወሰነው ወደ ሐይቆቹ በሚገባው ዝናብና በረዶ፣ እንዲሁም በትነት ወደ አየር በሚወጣው ውኃ ልዩነት ነው። ለተከታታይ ዓመታት ዝናብ ሲበዛና ትነት ሲያንስ ውኃው ይሞላል። በ2013 መጀመሪያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ብሎ የነበረው ሐይቅ፣ በ2020 ለበርካታ ወራት የየወሩን ክብረ ወሰን እየሰበረ ከፍ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5 ሜትር ይበልጣል።

ከውኃው ጥቂት ሜትር ብቻ ለሚርቅ መንገድ ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ውኃው ዝቅ ሲል ማዕበሉ ጉልበቱን በሰፊው ጠጠራማ ዳር ላይ ይጨርሳል። ከፍ ሲል ግን ያ ዳር ይሰጥምና ማዕበሉ በቀጥታ የመንገዱን ሥር ይመታል። ከአስፋልቱ በታች ያለው አፈርና ጠጠር በድንጋዮቹ መካከል እየታጠበ ይወጣል፤ ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው አስፋልት ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ድንገት ይሰበራል። በ2019 እና በ2020 የነበሩት የሐይቁ ማዕበሎች በዚህ መንገድ በርካታ ቦታዎችን ቆርሰው ወሰዱ፤ ዙሩም ተቋረጠ።

የጥገናው ወጪ የግዛቱ ነው። የሚሺጋን የመንገድ ገንዘብ በዋናነት የሚሰበሰበው ከነዳጅ ቀረጥና ከመኪና ምዝገባ ክፍያ ነው፤ ስለዚህ በዲትሮይት ወይም በግራንድ ራፒድስ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው የሚከፍለው ቀረጥ ነዳጅ የማይነድበትን መንገድ ጭምር ያስጠግናል። ሥራው ራሱ ከሌላው ቦታ ይከብዳል፦ ድንጋዩ፣ አስፋልቱና ማሽኑ በባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ተጭኖ ሰርጡን ይሻገራል፣ ማሽኖቹ በፈቃድ ይገባሉ፣ ሠራተኞቹ በሚሠሩበት ክፍል ብስክሌትና ፈረስ እንዳያልፍ ይዘጋል። በተሸረሸሩት ቦታዎች ላይ የማዕበሉን ጉልበት የሚሰብሩ ትልልቅ ድንጋዮች ከመንገዱ ሥር በውኃው ወገን ተደረደሩ፤ ከበስተ ኋላቸው ያለው ባዶ ቦታ ተሞልቶ አስፋልቱ እንደገና ተነጠፈ። የተዘጉት ክፍሎች በ2021 ተከፈቱ።